ነብርና ዘንዶ በአንድ ማድ ቤት፤ ስለ «ቶራዶራ» የመጀመሪያ ክፍሎች

ጃፓኖች «አኒሜ» የሚሉት በሥዕል የተሠራ ፊልም ተመልካቹ ብዙ፥ ተቺው ግን ጥቂት ነው። በተለይም ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፍቅር የሚያወራው አስቂኝ ዓይነት፥ የልጆች ጨዋታ ነው ተብሎ ገና ሳይታይ ይፈረድበታል። እኛም ይህ ፍርድ ትክክል መሆን አለመሆኑን በአንድ ሥራ ላይ ለመመርመር «ቶራዶራ» የተባለውን መረጥን። ታሪኩ አስቀድሞ ዩዩኮ ታኬሚያ የተባለች ደራሲ የጻፈችው ባለ ብዙ ቅጽ ልብ ወለድ ሲሆን፥ የመጀመሪያው ቅጽ የታተመው በ2006 ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ፊልሙን ታትሱዩኪ ናጋይ አዘጋጅቶት፥ ማሪ ኦካዳ ድርሰቱን ለፊልም እንዲስማማ አድርጋው፥ ከኦክቶበር 2008 እስከ ማርች 2009 በ25 ክፍሎች በጃፓን ቴሌቪዥን ታይቷል። እዚህ የምንናገረው ስለ ፊተኞቹ ሁለት ክፍሎች ብቻ ነው።

ታካሱ ሪዩጂ የተባለው ተማሪ ዐይነ ክፉ ነው፤ ክፋቱ ግን በመልኩ እንጂ በልቡ አይደለም። ወንበዴ ከሚመስለው አባቱ የወረሰውን አስፈሪ ዐይን ያዩ ሁሉ ይሸሹታል፤ እርሱ ግን ቤት መጥረግና ምግብ ማብሰል የሚወድ ጨዋ ልጅ ነው። አይሳካ ታይጋ ደግሞ ቁመቷ እጅግ አጭር፥ ቁጣዋ እጅግ ረጅም የሆነች ልጃገረድ ናት። ታይጋ ለሪዩጂ ጓደኛ ለኪታሙራ የጻፈችውን የፍቅር ደብዳቤ በስሕተት በሪዩጂ ቦርሳ ውስጥ ትከተዋለች። በዚያው ሌሊት የእንጨት ሰይፍ ይዛ ቤቱን በመስበር ልትደበድበው ትመጣለች።

እስከዚህ ድረስ ያለው ነገር አዲስ አይደለም። መንገድ የሳተ ደብዳቤ በየአገሩ ቴያትር የታወቀ ዘዴ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ሪዩጂ ከሰይፉ እየሸሸ፥ ፖስታው ባዶ እንደ ነበረ ይነግራታል። ልጅቱ ለካ ደብዳቤውን ውስጡ ማስገባት ረስታ ኖሯል። ይህን ስትሰማ ሆዷ ይጮኻል፤ ከረኀብ የተነሣም ትወድቃለች። እርሱም ሊደበድበው ለመጣ ሰው ሩዝ ጠብሶ ያበላል።

በአንድ ሌሊት ባዶ ፖስታና ባዶ ሆድ ጎን ለጎን ቀረቡ። ተመልካች በመጀመሪያው ይሥቃል፤ በሁለተኛውም ይሥቃል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ሣቅ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፥ ያውም ባለጸጋ ልጅ፥ ስለ ምን ተራበች? ፊልሙ መልሱን በንግግር አይሰጥም፤ ቤቶቹን ያሳየናል እንጂ። ሪዩጂና እናቱ ያሱኮ የሚኖሩት በጠባብ የኪራይ ቤት ሲሆን፥ አጠገባቸው የተሠራ አንድ ትልቅ ሕንፃ የጠዋት ፀሓያቸውን ጋርዶባቸዋል። ታይጋ የምትኖረው በዚያው ፀሓይ ጋራጅ ሕንፃ ውስጥ ብቻዋን ነው። በማግስቱ ሪዩጂ ገብቶ ሲያይ፥ አዳራሹ ሰፊ፥ ዕቃው የከበረ፥ ማድ ቤቱ ግን ያልታጠበ ሳሕን የተከመረበትና የሸተተ ነው። እናትየው ሌሊቱን መጠጥ ቤት ሠርታ ንጋት ላይ ሰክራ የምትገባበት ያ ድኻ ቤት በየማለዳው ትኩስ ምግብ አለው፤ ፀሓዩን የወሰደው ቤት ግን እሳት የለውም። እኛ እንደሚመስለን የዚህ ሥራ መሠረት ደብዳቤው ሳይሆን ይህ ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው ምድጃ ነው፤ ፍቅር ገና አልተወለደም፤ ሪዩጂ ልቡ ያለው ሚኖሪ ከምትባል ከታይጋ ወዳጅ ዘንድ ነውና።

ስለ ርእሱም ጥቂት እንበል። «ቶራ» በጃፓንኛ ነብር ነው፤ «ዶራ» ደግሞ ዘንዶ ለማለት ከእንግሊዝኛ ከተዋሱት «ዶራጎን» ከሚለው ቃል ተቈርጦ የተወሰደ ነው። «ታይጋ» የሚለው ስም ጃፓኖች የእንግሊዝኛውን ነብር ሲጠሩት ከሚወጣው ድምፅ ጋር ይገጥማል፤ በሪዩጂ ስም ውስጥ ያለው «ሪዩ»ም ዘንዶ ነው። ኅብረ ቃል ለለመደ ለእኛ አገር ሰው ይህ ደስ ያሰኛል። ትርጓሜው ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ነብር ስንል የምናስበው የራሳችንን ነጠብጣብ ለባሽ አውሬ ነው፤ እዚህ የተባለው ግን ባለ መሥመሩ የእስያ ነብር ነው። ዘንዶም በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ በታች ተወግቶ የምናየው ጠላት ነው። በሩቅ ምሥራቅ ሥዕል ግን ዘንዶና ነብር በኀይል የተካከሉ ጥንዶች ሆነው ይሳላሉ። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ሪዩጂ ከነብር ጎን ለመቆም የሚችል ከጥንት ጀምሮ ዘንዶ ብቻ ነው ብሎ ሲናገር፥ ይህን ያላወቀ ተመልካች ንግግሩን ፉከራ አድርጎ ይሰማዋል። ንግግሩ ግን የእኩልነት ቃል ኪዳን ነው፤ ያውም እስከዚያች ሰዓት ድረስ «ውሻዬ» እያለች ስታዝዘው ለነበረች ልጅ የተነገረ ነው።

ጉድለቱን አንሸሽግም። ታይጋ ሪዩጂን በቡጢና በእርግጫ ስትመታው ተመልካቹ እንዲሥቅ ይጠበቃል። መጀመሪያ ኮሪደር ላይ ተጋጭተው ስትጥለው፥ ቁመቷንና ኀይሏን በአንድ ምት ስለሚያሳውቀን እንቀበለዋለን፤ በአራተኛውና በአምስተኛው ጊዜ ግን ዱላው ምንም አዲስ ነገር አይነግረንም። መቺው ወንድ፥ ተመቺዋም ሴት ብትሆን ኖሮ ይሣቅ ነበርን? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስለናል። ያሱኮም ብትሆን ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ስትሆን፥ በእነዚህ ሁለት ክፍሎች ውስጥ የቀረበችው እንደ ሕፃን የምትኮላተፍ መሣቂያ ሆና ነው። የገዛ ስሙን መጥራት የማይሆንለት መልከ ጥፉው በቀቀን እንኳ ከእርሷ ያላነሰ ቦታ አግኝቷል! (በቀቀኑ ግን በእውነት ያሥቃል።)

ይህን ጉድለት የሚክስ አንድ ቦታ አለ። በሁለተኛው ክፍል ሁለቱ ልጆች በሌሊት መንገድ ላይ ቆመው ሰው ሁሉ ያላወቀላቸውን ነገር እየጮኹ፥ አንድ የመብራት ምሰሶ በእርግጫ ይመታሉ። እዚህ ዱላው ከሰው ላይ ወደ ምሰሶ ዞሯል፤ ታይጋም ብቻዋን አይደለችም። ንዴቷ ቀልድ መሆኑ ቀርቶ ምክንያት ያለው ሐዘን ሆኖ የሚታየን ያን ጊዜ ነው። አዘጋጁም እዚያ ላይ ለማሣቅ አልቸኰለም።

በማግስቱ ታይጋ ኪታሙራን ጠርታ ፍቅሯን ፊት ለፊት ትነግረዋለች። በዚህ ዓይነት ሥራ ውስጥ የፍቅር ኑዛዜ ተመልካችን አንጠልጥሎ ለማቆየት ወደ መጨረሻው ይገፋል፤ ይህ ፊልም ግን ገና በሁለተኛው ክፍል አወጣው፤ ነገሩም ታይጋ እንደ ተመኘችው አልሆነም። ሌሎች ያጠራቀሙትን ሀብት ታኬሚያና ኦካዳ በመግቢያው በር ላይ አወጡት። ከዚህ በኋላ 23 ክፍሎች አሉ፤ በእነርሱ ውስጥ ያ ምድጃ ምን ያህል እንደሚነድ ለማየት ሦስተኛውን ክፍል ከፍተናል።