ሥራ ያልፈታ የዕረፍት ቃል

የድሬዳዋ ሰፈር የሆነችው ከዚራ በበዓል ጠዋት ዘግየት ብላ ነው የምትነቃው። ከቀድሞው ባቡር ጣቢያ የሚነሡት ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች በዛፎቹ ጥላ ሥር ጭር ይላሉ። የሱቆቹ በር ገርበብ እንዳለ ይረፍዳል፤ ባጃጆቹም እንደ አዘቦት ቀን አይሻሙም። በዚህ ሁሉ ጸጥታ መካከል ያለ ዕረፍት የሚሠራው ሰላምታ ብቻ ነው። ከበር ወደ በር፣ ከእግረኛ መንገድ ወደ በረንዳ «እንኳን አደረሳችሁ» ይባላል፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይመለሳል። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለለመድነው እንደ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ እንቀባበለዋለን እንጂ ገልበጥ አድርገን አናየውም። እኔ ግን የተዋጣለት የእጅ ሥራ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ሸማኔ ያወጣውን ጥለት ጀርባውን ገልብጦ፣ ክሩ የት ገብቶ የት እንደወጣ እንደሚመረምር ሰው፣ ስለ በዓልና ስለ ዕረፍት የምንናገራቸውን ቃላት ዛሬ ገልብጬ ላይ ነው።

ለመመዘን እንዲያመች ከባዕድ እጅ ሥራ ልጀምር። እንግሊዝኛ በዚህ በኩል ድሃ አይደለም። የበዓልና የዕረፍት ቀን መጠሪያ የሆነው «ሆሊዴይ» ራሱ «ቅዱስ» እና «ቀን» የሚሉ ሁለት ቃላት ተጋጥመው የሠሩት ነው። መጋጠሚያው ከአገልግሎት ብዛት ስለለሰለሰ፣ ዛሬ ለባሕር ዳርቻ ሽርሽር ቃሉን የሚያነሣ ሰው ቅድስናውን ልብ ላይለው ይችላል። ቅድስናው ግን ከውስጡ አልወጣም።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ «ሬድ ሌተር ዴይ» የሚሉት ነው፤ በቀይ የተጻፈ ቀን እንደ ማለት። የማይረሳ የደስታ ቀን ሲገጥማቸው እንዲህ ይሉታል። መነሻው በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ጸሐፍት የቅዱሳንን በዓላት በቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ቀለም መጻፋቸው ነው። ለእኛ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የብራና መጽሐፍ የገለጠ ሁሉ የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ደምቆ አይቷል፤ ግድግዳችን ላይ የምንሰቅለው የቀን መቁጠሪያም በዓላቱን በቀይ ያሳያል። የአባባሉ ጥበብ «ደስታ» የሚል ቃል ሳያነሣ ደስታን ማሳየቱ ነው። ስሰማው አንድ ጎንበስ ያለ ጸሐፊ ይታየኛል። ተራ ቀኖቹን በጥቁር ሲጽፍ ቆይቶ በዓሉ ዘንድ ሲደርስ የያዘውን ብዕር ያስቀምጥና ቀዩን የሚነክርበትን ያነሣል። ቀኑ ለሌላው ሰው የዕረፍት ነው፤ ለእሱ ግን አንድ ሥራ ጨምሮበታል።

ሌላው «ባስማንስ ሆሊዴይ» ነው፤ የአውቶቡስ ነጂ የዕረፍት ቀን። የእንግሊዝ አውቶቡስ በፈረስ ይጎተት በነበረበት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የተለመደ አባባል ነው። ነጂው ከሥራ ነጻ በሆነበት ቀን ምን ሲያደርግ ይውላል? አውቶቡስ ተሳፍሮ ይዞራል። በዕረፍቱ ቀን ያንኑ የዘወትር ሥራውን ሲሠራ ለሚውል ሰው ሁሉ ይነገራል፤ ቅዳሜን የጎረቤት ልጅ ሲያስጠና ለሚያሳልፍ መምህር፣ እሑድ የገዛ ቤቱን ግድግዳ ሲቀባ ለሚመሽበት ቀለም ቀቢ። ሁለት ቃል ብቻ ናቸው፤ ግን አንድ ሙሉ ሰው ከነፍቅሩና ከነልማዱ ገብቶባቸዋል። ያ ሰው ሥራውን የሚጠላ ቢሆን ኖሮ አባባሉ ባልቆመ ነበር።

ይህን አባባል ከዚራ ላይ ሆኖ ለሚሰማው የተለየ ጣዕም አለው፤ ሰፈሩ የባቡር ልጅ ነውና። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራው አስቸገረና በ1895 ዓ.ም. እታች ሜዳው ላይ ደረሰ፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ከተማም እዚያው ተቆረቆረች። መስመሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ድሬዳዋ ለዓመታት የባቡሩ መድረሻ ሆና ቆይታለች። የከዚራን ጎዳናዎች ቀጥ አድርገው የነደፉት የባቡሩ ሰዎች ናቸው፤ «ለገሃር» እና «ፉርጎ» የሚሉትን ቃላት ከፈረንሳይኛ ተቀብለን የራሳችን ያደረግነውም በባቡሩ በኩል ነው። የድሬ ሰው እንግዲህ አውቶቡሱን አውጥቶ ባቡር ቢያስገባበት አባባሉ ወዲያው አገርኛ ይሆናል። በዕረፍቱ ቀን የባቡር ጩኸት ሰምቶ እቤቱ መቀመጥ የማይሆንለትን ሰው እዚህ ማሰብ አያዳግትም።

እንግሊዞች ያልተዋጣላቸውም አለ። «ባንክ ሆሊዴይ» የሚሉት የሕዝብ በዓል ስሙን ያገኘው በ1871 እ.ኤ.አ. በጆን ሉቦክ አቅራቢነት ከወጣው ሕግ ነው። ስሙ ባንክ እንደሚዘጋ ይናገራል እንጂ ሰው ምን እንደሚሰማው አያሳይም። ጉድለቱን የሞላው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ የፓርላማውን ሰው ከቅዱሳን ተራ አስገብቶ ቀኑን «የቅዱስ ሉቦክ ቀን» አለው። ሕግ የደረቀ ስም ሲያወጣ መንገደኛው ነፍስ ይዘራበታል።

አንድ ቃል ላይ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይገናኛሉ። እንግሊዞች ለሠራተኛ ዕረፍት «ሊቭ» ይላሉ፤ የጥንት ፍቺው ፈቃድ ነው። እኛም «የዓመት ፈቃድ» እንላለን። ዛሬ ነገሩ በሕግ የተጻፈ መብት ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ቃሉ ግን ሰው ደጅ ጠንቶ ያርፍ የነበረበትን ዘመን አልረሳም። ፈቃድ የወጣ ሰው ሁሉ ከኋላው አንድ ፈቃጅ ቆሟል።

ጸሐፊው፣ ነጂው፣ ፈቃጁ። የተዋጣለትን የዕረፍት ቃል ገልብጣችሁ ስታዩት ጀርባው ላይ የምታገኙት ሥራን ነው። ያረፈው ሰው ከምን እንዳረፈ ቃሉ አይዘነጋም። ወደ ራሳችን ቤት ስመለስ ይህንኑ አገኛለሁ፤ እንዲያውም ክሩ ቀጥኖ፣ ስፌቱ ረቅቆ።

ቅዳሜና እሑድን እንይ። እንግሊዝኛ «ዊክ ኤንድ» ይላል፤ የሳምንት መጨረሻ። ሳምንቱን እየጎተተ መጥቶ ጫፉ ላይ የተዘረረ ሰው አነጋገር ይመስላል። የእኛዪቱ ቅዳሜ የመጣችው «ቀዳሚት ሰንበት» ከሚለው ነው፤ የምትቀድመዋ ማለት ነው። እሑድም «አሐዱ» ከሚለው ነው፤ አንደኛው። ሁለቱን የዕረፍት ቀናት አከታትለን ስንጠራ ሁለት ጊዜ «መጀመሪያ» ማለታችን ነው። ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የተወሰነው በ1450 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን መቆማቸው እንዲህ የቆየ ነው። እንደ ቃላቱ ከሆነ ሰው ሠርቶ ደክሞት አያርፍም፤ ዐርፎ ነው ሥራ የሚጀምረው።

«ፈታ» የሚለው ግስ ደግሞ ብቻውን አንድ ወርክሾፕ ነው። ገበሬ አመሻሽ ላይ በሬውን ከቀንበር ይፈታል። ክርስቲያኑ በፋሲካ፣ ሙስሊሙ በኢድ ጾሙን ይፈታል። ወጣቱ ጓደኛውን «ፈታ በል» ይለዋል። ሁሉም ቋጠሮ ያሳያሉ፤ የትከሻ፣ የሆድ፣ የልብ ቋጠሮ። በዚሁ ግስ ግን «ሥራ ፈታ» ስንል ነገሩ ተገልብጦ ሐዘን ይሆናል። ያው መፍታት ነው፤ ለምን አንዱ ያስደስታል፣ ሌላው ያሳዝናል? በሬው ዛሬ የተፈታው ነገ ሊጠመድ ነው። ሥራ የፈታ ሰው ግን ነገ የሚጠመድበት የለውም። ዕረፍትን ከሥራ ማጣት የሚለየው የነገው ቀንበር ነው። ይህን ያህል የኑሮ ዕውቀት በአንድ አጭር ግስ ያስቀመጠው ባለሙያ ስም የለውም፤ ሥራው ግን በየአፋችን አለ።

«ዐረፈ» ስንልም ከበስተጀርባው መንገድ አለ። ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ታርፋለች፣ አውሮፕላን ሜዳ ላይ ያርፋል፣ እንግዳ ሰው ቤት ያርፋል፤ ዕድሜውን የጨረሰም ሰው ዐረፈ ይባላል። ያልተጓዘ አያርፍም።

ከተረትና ምሳሌዎቻችን መካከል አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን አነሣለሁ፤ «በፋሲካ የተቀጠረች ሁልጊዜ ፋሲካ ይመስላታል»። አምስት ቃል ነው። ፋሲካ ሁለት ጊዜ ተጠርቷል፤ የመጀመሪያው የእውነት ነው፣ ሁለተኛው የምኞት። በመካከላቸው የቆመው «ሁልጊዜ» ሁለቱን እንደ ድልድይ ያገናኛል፤ የሚሰበረውም ያ ድልድይ ነው። 55ቱ የጾም ቀናት አልተነሡም። ዶሮው በ12 ብልት እስኪወጣ፣ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ድረስ ሌላ ሰው የደከመበት ሌሊትም አልተነሣም። የተቀጠረችው ከድካሙ በኋላ ደርሳ ገበታውን ብቻ አየች። ማሰሪያው ደግሞ «ትላለች» ወይም «ታምናለች» አይደለም፤ «ይመስላታል» ነው። አይወቅሳትም፣ አይስቅባትም፤ ነገ ማለዳ ድንግጥ እንደምትል አውቆ የሚራራላት ይመስላል።

አሁን ከዚራ በር ላይ ወደተውነው ሰላምታ እንመለስ። በዓሉን ራሱን «አውዳመት» እንለዋለን፤ ዐውደ ዓመት፣ የዓመት ዙሪያ። «ዐውድ» ከ«አውድማ» ጋር ዘመድ ነው፤ በሬዎች እየዞሩ እህል ከሚወቁበት ክብ መሬት ጋር። ዓመቱ ሲዞር ከርሞ ዙሩ የገጠመበት ቀን ነው በዓሉ።

በዚያ ቀን የምንለው «እንኳን አደረሳችሁ» ነው። ፈትተን እንየው። መሠረቱ «ደረሰ» ነው፤ ከፊቱ «አ» ስትገባ ሌላ ሰው አድራሽ ይሆናል፤ ከኋላው «አችሁ» ሲቀጠል ተደራሾቹ እናንተ ናችሁ። አድራሹ ማን ነው? ስሙ አልተጠራም። ግሱ ውስጥ ተሸሽጎ ይሠራል፤ ሰሚው ግን ማን እንደሆነ አይስተውም። ስለዚህም ነው በዚህ ከተማ ያው ሰላምታ ሳይለወጥ ለገናም፣ ለመውሊድም፣ ለአረፋም የሚበቃው። እንግሊዝኛ በዓልን ደስተኛ እንዲሆን ይመኝለታል፤ የእኛው ሰላምታ ስለ መጪው ምኞት አይናገርም፤ መንገዱ ማለቁን ያበስራል። በዓል ጣቢያ ነው፤ ሰው መንገደኛ ነው፤ ወርዶ በሕይወት መታየቱ ራሱ የምሥራች ነው። የመስመር መድረሻ ሆና ለኖረች ከተማ ከዚህ የቀረበ ቃል አላውቅም።

ቃሉ ምን ያህል ሸክም እንደሚችል ድሬዳዋ አንድ ጊዜ አይታዋለች። ከዚራን ከመጋላ ሰፈር የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ይዞ ሄደ። እንዲህ ያለውን ጎርፍ «ደራሽ» ነው የምንለው፤ ከዚያው ከ«ደረሰ»። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መስከረም ሲጠባ፣ ለአዲስ ዓመት እንደ ልማዳችን «ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ እንኳን በሰላም አሸጋገራችሁ» የሚባልበት ጊዜ ነበር። «አሸጋገረ» የወንዝ ቃል ነው፤ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ማድረስ። ሌላው ዓመት ሁሉ በልማድ የሚባለው ቃል በዚያ መስከረም ፍቺው ተገልጦ ቆመ። ጥሩ የእጅ ሥራ የሚታወቀው ክብደት ሲጫንበት ነው፤ ይህ ቃል አልተሰበረም።

የቀረው መልሱ ነው፤ የሥራው ሁሉ ቁንጮም እሱ ይመስለኛል። ሰላም ባዩ «አደረሳችሁ» ሲል ራሱን አላነሣም። የደረሳችሁት እናንተ፣ እኔ ተመልካች። መላሹ ይህን ትሕትና ተቀብሎ ዝም አይልም፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይላል። «አችሁ» ወጥቶ «ን» ይገባል፤ «አብሮ» ይጨመራል። በዚህች ትንሽ ለውጥ ደጅ የቆመው ሰው ከተጓዦቹ ተራ ይገባል። ከመጋላ ደቻቱን ተሻግሮ የመጣ ጎረቤት ከዚራ ደጃፍ ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን ግማሽ ሲናገር ሰምቻለሁ። ከውስጥ ቡናው ይወቀጥ ነበር። ሙቀጫው ለአፍታ ጸጥ አለ፣ መልሱ መጣ፣ ሰውየው ገባ፣ ሙቀጫው ቀጠለ።