ጋቢ ለብርድ ነው ወይስ ለግድግዳ?

ናይሮቢ ሁልጊዜ ሞቃት ትመስለን ነበር። ሆኖም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ፣ የሐምሌ ብርዷ ለአዲስ አበባ ሰው እንኳ የሚናቅ አይደለም። በዚሁ ወር ላቪንግተን በተባለው ሠፈር አንድ ወገናችን ቤት ተጋብዘን ነበር። በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ያማረ ጋቢ ተሰቅሏል፤ ልጆቹ ግን የፋብሪካ ብርድ ልብስ ተከናንበዋል። ምክንያቱን ብንጠይቅ «እንዳይቆሽሽ ነው» ተባልን።

የምንነቅፈው ጋባዣችንን አይደለም፤ ቡናቸውም ግሩም ነበር። የምንነቅፈው አስተሳሰቡን ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ሙቀቱም የሚገኘው በእጅ የተፈተለው ለስላሳ ክርና እጥፎቹ አየር ስለሚይዙ ነው። በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል፤ ሲሰቀል ግን አቧራ ከመጠጣት በቀር ሥራ የለውም። ነጠላም እንዲሁ ነው። ለሐዘን ይዘቀዘቃል፤ በታላቅ ሰው ፊት ይደገደጋል፤ አለባበሱን ያየ ሰው ሳይጠይቅ ነገሩን ይረዳል። ይህን ሁሉ «የበዓል ልብስ» በሚል ስም ብቻ ስናስተምር ግማሹን እንቀብረዋለን።

በፔሩ ተራሮች የሚኖሩት የኬችዋ ሴቶች ሊክልያ የሚባለውን የእጅ ሽመና ይደርቡታል፤ ሕፃንም ድንችም ያዝሉበታል። የታኪሌ ደሴት ሽመና እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ ዕውቅና ቢያገኝም የደሴቲቱ ሰዎች ዛሬም ይለብሱታል።

በገበያችን የጥለት ሥዕል በማሽን የታተመበት ጨርቅ በዝቷል። ርካሽ ስለሆነ ገዢውን አንወቅስም። ነገር ግን ያ ጥለት ቀለም ነው እንጂ ክር አይደለም፤ የሽሮ ሜዳም ሆነ የዶርዜ ሸማኔ ከዋጋው ጋር መወዳደር አይችልም።

ከዚህ የባሰው ግን ንቀቱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከናይሮቢ ተመልሰን በማሠልጠኛችን ድርና ማግ ምን እንደሆኑ፣ ድውር ምን እንደሚባል ሠልጣኞቻችንን ጠየቅን። ክፍሉ ዝም አለ። ከትምህርት በኋላ አንዲት ሠልጣኝ ለብቻዋ መጥታ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳችን፤ አባቷ ሸማኔ ናቸው። በክፍል ውስጥ ለምን እጅሽን አላነሣሽም ብንላት «ይስቁብኛል» አለችን።