ፓርሰሩን ለምን ነቀልነው?

«ጋሼ፣ ላይብረሪው እየሠራ ለምን ያወጡታል?» አለችኝ በቅርቡ ሥራ የጀመረች የደነባ ልጅ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ መልሴ ግን ረዘም ይላል።

ላይብረሪው፣ ማለትም ፓርሰሩ፣ ሰው በግብርና መረጃ መፈለጊያችን ሳጥን የጻፈውን ተንትኖ ለፖስትግሬስ ዳታቤዝ የሚያቀብል ነበር። በጊዜው አስፈላጊ ነበር፤ የፖስትግሬሱ «ቱ ቲኤስኩዌሪ» ፈንክሽን በሁለት ቃላት መካከል ምልክት ካጣ ስህተት ብሎ ይቆማል፣ ገበሬ ወይም የግብርና ባለሙያ ደግሞ የሚጽፈው «ስንዴ ዝገት» ብሎ ነው። ከጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን፣ ማለትም ከፖስትግሬስ 11 ጀምሮ፣ «ዌብሰርች ቱ ቲኤስኩዌሪ» አለ። ምንም ቢጻፍለት የአጻጻፍ ስህተት አያነሳም። በጥቅስ የታሰረውን እንደ ሐረግ ይወስዳል፤ ሰረዝ የቀደመውን ቃል ያስቀራል።

አንድ ባልደረባዬ ላይብረሪው ቅንፍም፣ በቃል መነሻ መፈለግም ይችላል እያለ ይሟገተኛል። እውነቱን ነው፤ ዌብሰርች ሁለቱንም አይችልም። ነገር ግን በፍለጋ መዝገባችን ውስጥ ቅንፍ የጻፈ ሰው አላየሁም። ማንም ለማይጠይቀው ነገር የባዕድ ኮድ ስሪት እየተከታተሉ መኖር አይዋጥልኝም።

ይልቅ ድካማችን የሚያስፈልገው አማርኛው ላይ ነው። ዌብሰርች የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን «ኦር» ብቻ ስለሆነ «ወይም» ተራ ቃል ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ከጥቅስ ውጭ ያለውን «ወይም» ቀድመን ወደ «ኦር» እንለውጣለን። የእኛ ሰው «» ይጠቀማል፣ ዌብሰርች ግን የሚቀበለው ቀጥ ያለውን ጥቅስ ነው። ይህ በ«ትራንስሌት» አንድ መስመር ነው። ትልቁ ጣጣ ሞክሼ ፊደላት ናቸው፤ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ ዐይኑ ዐ፣ ፀሐዩ ፀ፣ እያንዳንዳቸው ከነቤቶቻቸው ወደ ሞክሼያቸው መምጣት አለባቸው። ሰነዱም ጥያቄውም በአንድ ፈንክሽን ካላለፉ አይገናኙም። የተስተካከለውን ጽሑፍ ከፖስትግሬስ 12 ጀምሮ በተጨመረው ራሱን በሚሞላ ዓምድ እናስቀምጠዋለን፤ ዋናው ጽሑፍ ጸሐፊው እንደጻፈው ሳይነካ ይቀመጣል። በዚህ ጉዳይ ድርድር አላውቅም። የሰውን ፊደል ለፍለጋ ብሎ ማረም ነውር ነው።

የአማርኛ ቃል ሥር የሚያወጣ መዝገበ ቃላት ፖስትግሬስ ውስጥ የለም። «ገበሬው»ንና «ገበሬዎች»ን ለማቀራረብ ሦስት ሦስት ፊደል እየቆረጠ የሚያነጻጽረውን የትራይግራም ቅጥያ እንጠቀማለን። «ደብር»ንና «አድባራት»ን ግን እሱም አያቀራርብም።

እዚህ ነገር ላይ ሙጭጭ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አባቴ ስሙን በንጉሡ ሠ ይጽፋል፤ ጸሐፊዎች ሁልጊዜ በእሳቱ ሰ ይመዘግቡታል። አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ካስገባ በኋላ ስምህ የለም ተብሎ ተመለሰ። በወረቀቱ መዝገብ ዘመን ጸሐፊው ጣቱን በገጹ ላይ እያስኬደ ሁለቱንም አንድ ሰው ናቸው ይል ነበር። ማሽኑ ያንን አያውቅም፤ ማሳወቅ የኛ ሥራ ነው። ፕሮግራም መጻፍን የወደድኩት እንዲህ ያለውን ሰው ከበር እንዳይመለስ ማድረግ ስችል ነው።

አሁን የቀሩን ዲቃላ ፊደላቱ ናቸው። «ቍጥር»ና «ቁጥር»፣ «ጐንደር»ና «ጎንደር» ገና አልተገናኙም። የማዛመጃ ሰንጠረዡን የደነባዋ ልጅ ጀምራዋለች።