ለአየር የተሠራ መንገድ

ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ኢትዮጵያዊ መካኒክ ጋራዥ፣ ኮፈኑ የተከፈተ የ1993 ማዝዳ አርኤክስ-7 ላይ አጎንብሼ ግማሽ ቀን አሳለፍኩ። መኪናው የወዳጄ ነው። ዓይኔን የያዘው ግን ሞተሩ ሳይሆን ከፊቱ የተሠራው የማቀዝቀዣ ሥራ ነበር።

ይህ መኪና ሙቀትን ለምን እንደሚፈራ ለመረዳት ሞተሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስተን የለውም፤ በሞላላ ቤት ውስጥ የሚዞሩ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተሮች ናቸው ያሉት። ነዳጁ ሁልጊዜ የሚቃጠለው በአንዱ በኩል፣ ካንዴላዎቹ ባሉበት ነው፤ ቀዝቃዛው አየር የሚገባው በሌላው በኩል ነው። ስለዚህ የሞተሩ አንድ ጎን ዘወትር ይግላል፣ ሌላው ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ የሮተሩ ቤት አልሙኒየም ሲሆን ግራና ቀኙን የሚዘጉት ሳህኖች ደግሞ ብረት ናቸው፤ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። በመካከላቸው ውሃውን ከእሳቱ የሚለዩት ቀጫጭን የጎማ ቀለበቶች ናቸው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ክፉኛ ከጋለ እነዚያ ጎማዎች ይበላሻሉ፤ እነሱን ለመቀየር ደግሞ ሞተሩ ወርዶ መፈታት አለበት።

እንግዲህ ይህ 1.3 ሊትር ሞተር በሁለት ቱርቦ 255 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። የመኪናው አፍንጫ ዝቅ ያለ፣ የአየር መግቢያውም ጠባብ ነው። ራዲያተሩ ወደ ፊት አዘንብሎ ተቀምጧል፤ ከፊቱ የኤሲው ኮንደንሰር አለ።

መካኒኩ የገጠሙለት አዲስ ራዲያተር ሙሉ በሙሉ አልሙኒየም ነው። የድሮው ጎንና ጎኑ ፕላስቲክ ስለነበር ለዓመታት ሙቀት ሲፈራረቅበት ደርቆ ነበር። የአዲሱን የአርጎን ብየዳ በጣቴ ዳሰስኩት። እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፋቱ ሳይለወጥ ይሄዳል፤ ብየዳው ቆሞ የተቀጠለበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ቱቦው የሚገባበት አፍ ጠርዝ ላይ ትንሽ ከንፈር ወጥቶለታል፤ ፋሼታው ከዚያ ጀርባ ሲጠብቅ ቱቦው ወደ ፊት አይሾልክም። ፋሼታዎቹም በጠመንጃ መፍቻ የሚጠብቁት ዓይነት ሳይሆኑ ባለ ስፕሪንግ ናቸው። ጎማው ሞቆ ሲያብጥም ሆነ ቀዝቅዞ ሲሟሽሽ አብረውት ይሄዳሉ። ይህን ምርጫቸውን በጣም ወድጄዋለሁ።

ትልቁ ጥበብ ግን የሚያብረቀርቀው ራዲያተር አይደለም። እሱን ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል። ጥበቡ ያለው በራዲያተሩና በመኪናው አካል መካከል የቀረውን የጣት ስፋት ክፍተት በዘጉት ላሜራዎች ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ላሜራ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«መኪናው መንገድ ተዘግቶ ሲቆም ቬንትሌተሩ ወደ ኋላ የገፋው ትኩስ አየር በዚህ በኩል ዞሮ ወደ ፊት ይመለሳል» አሉኝ፣ በጣታቸው እያሳዩኝ። «ራዲያተሩ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል። ስትነዳው ደግሞ ከፊት የገባው አየር በክፍተቱ ያመልጣል።»

መጀመሪያ ከካርቶን ቆርጠው ለኩ፤ ሲገጥምላቸው በላሜራው ላይ አሰመሩ። እያንዳንዱን ጠርዝ ቱቦና ሽቦ እንዳይቆርጥ አጥፈውታል። ራዲያተሩን በሚነካበት በኩል ስፖንጅ ለጥፈውበታል፤ ምክንያቱም ራዲያተሩ በጎሚኒ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ከሞተሩ ንዝረት ጋር ትንሽ መወዝወዝ አለበት፣ ብረት ለብረት ከተፋተገ ይበሳል። ከዚያ የጋራዡን መብራት አጥፍተው ከራዲያተሩ ጀርባ ባትሪ አበሩ። ከጎን ብርሃን ያመለጠበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ሦስት ቦታ ተገኘ፤ ሦስቱንም ፈትተው አስተካከሉ።

ከመኪናው ሆድ ሥር የሚታሰረው የፕላስቲክ ሽፋንም ጠፍቶ ነበር። ቀድሞ ዘይት የቀየረለት አንድ ጋራዥ አውልቆ ሳይመልሰው ቀርቷል። ብዙ ሰው ከጭቃ መከላከያ ብቻ አድርጎ ያየዋል። በዚህ መኪና ግን አየሩን ወደ ዘንባላው ራዲያተር የሚመራው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ትልቅ ራዲያተርም ብዙ አይረዳም። ተተኪ ሽፋን ፈልገው ብሎኖቹን አንድም ሳያጎድሉ አሰሩት።

ውሃ አሞላላቸው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ግማሽ የተጣራ ውሃ፣ ግማሽ ኩላንት በቀስታ እያፈሰሱ፣ ቱቦዎቹን በእጃቸው ጨመቅ ለቀቅ እያደረጉ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቁ። በካንዴላዎቹ አካባቢ አየር ከቀረ እዚያ ብረቱ ውሃ አያገኝም። ክዳኑንም በአዲስ ቀየሩት። ግፊት የሚይዘው እሱ ነው፤ በ0.9 ባር በባሕር ጠለል ከፍታ ንጹህ ውሃ እንኳ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይደርስ አይፈላም። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ ለሚያውቅ ሰው፣ የላላ ክዳን ደጋ ላይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ግልጽ ነው።

በመጨረሻ አንድ ተጨማሪ የሙቀት መለኪያ ገጠሙ። የፋብሪካው ቀስት ሙቀቱ ብዙ ቢለዋወጥም መሐል ላይ ቆሞ ስለሚቆይ፣ ሲነሳ ጊዜው አልፏል።

መኪናችሁን ከጋራዥ ስትረከቡ የታጠበውን ሞተር ብቻ አይታችሁ አትሂዱ። ጎንበስ በሉና የሆዱ ሽፋን በቦታው መኖሩን፣ ብሎኖቹም ሙሉ መሆናቸውን ተመልከቱ።