የሽንኩርት ሽፋን በማይክሮስኮፕ ሥር

የሕዋስ ሥነ ሕይወትን ለሚጀምር ተማሪ ከቀይ ሽንኩርት ውስጠኛ ንጣፍ ተልጦ የሚወጣውን ስስ ሽፋን ያህል የሚመች መማሪያ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሽፋኑ አንድ ረድፍ ሕዋሳት ብቻ ስላሉት ብርሃን በቀላሉ ያሳልፋል፣ ሕዋሳቱም ትልልቅ ናቸው። ሽፋኑ በስላይድ፣ ማለትም ናሙና በሚቀመጥበት ጠባብ መስታወት ላይ፣ በውሃ ጠብታ ተዘርግቶ አዮዲን ሲጨመርበት እንደ ጡብ ግንብ የተደረደሩ ክፍሎች ጎልተው ይወጣሉ፤ በየክፍሉም የዘር መረጃን የያዘው ኒውክለስ ቡናማ ነጥብ መስሎ ይታያል። ስሱ መክደኛ መስታወት በአንድ ጎኑ ተደግፎ ቀስ ብሎ ካልወረደ ግን አየር ይገባል፤ ጠርዙ የጠቆረውን የአየር አረፋ ሕዋስ ነው ብሎ በጥንቃቄ የሳለ ጀማሪም ጥቂት አይደለም።

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ለቡሽ ቀዳዳዎች የትንንሽ ክፍሎችን ስም ሲሰጥ ያየው የሞቱ ሕዋሳትን ባዶ ግድግዳ ነበር፤ ተማሪው ግን፣ አዮዲኑ ካልገደለበት፣ ሕያው ሕዋስ ሲሠራ መመልከት ይችላል። ከዚህ ሁሉ የሚልቀውም የጨው ውሃ ሙከራ ነው፤ ወይን ጠጅ ቀለም ባለው የውጭ ሽፋን ላይ የጨው ውሃ ሲንጠባጠብ፣ ውሃ ኦስሞሲስ በሚባለው ሂደት ጨው ወደበዛበት በኩል ስለሚወጣ፣ ቀለሙን የያዘው ቫኪዩል፣ ማለትም የሕዋሱ የፈሳሽ ከረጢት፣ እየተኮማተረ ይሄዳል፣ የሕዋሱም ገለፈት ከግድግዳው ይላቀቃል፤ ጨዉ ሳይበረታ በንጹህ ውሃ ከተተካ ደግሞ ቀለሙ ቀስ በቀስ ተመልሶ ክፍሉን ይሞላል።