ጉማሬውን ሳያዩ ጀልባ አይወርድም

ከአየር ጤና የሚነሳው የጅማ መንገድ ሰበታን፣ ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ ቁልቁል ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል። ኮልፌ ቀራንዮ ተወልዶ ያደገ አንድ የጀልባ መሪ ሙያውን የለመደው በዚህ መንገድ ተመላልሶ ነው። በቅርቡ አንድ ጀማሪ ስልኩን ዘርግቶ፣ «ጋሼ፣ የሳተላይት ካርታው አሸዋውንም አለቱንም ያሳያል፤ ጉማሬ ስንፈልግ ግማሽ ቀን የምናጠፋው ለምንድን ነው?» አለው።

ጥያቄው ሰውየውን አናደደው። ካርታው የሚያሳየው ፎቶው የተነሳበትን ቀን ውሃ ነው፤ ጉማሬ ግን የዛሬውን ይናገራል ባይ ነው። ጉማሬ ቀኑን የሚያሳልፈው ረጋ ባለ፣ ገላውን በሚሸፍን ውሃ ውስጥ ሲሆን፣ የሚንቀሳቀሰውም በአብዛኛው የወንዙን ወለል እየረገጠ ነው። ጆሮዎቹ ብቅ ያሉበትን ቦታ ያየ መሪ የውሃውን ጥልቀትና ፍጥነት ይገምታል። እንስሳው ሲደነግጥ ወደ ጥልቁ ስለሚሮጥ ጀልባው ጥልቁን ትቶለት ጥልቀት በሌለው ዳር ያልፋል። በጉማሬውና በጥልቁ መሀል መግባት ሞት መጋበዝ ነው። ውሃ ውስጥ የተደበቁት ብቅ እንዲሉም ገና ከሩቅ የጀልባው ጎን በመቅዘፊያ ይመታል።

ዳርቻውን ሰንጥቆ የሚወጣው ጎዳናም ይነበባል። ጉማሬ ማታ ሣር ለመጋጥ የሚወጣበት ስለሆነ አፉ ላይ ድንኳን አይተከልም። አሸዋው ላይ ደግሞ እንቁላሏን ቀብራ የምትጠብቅ አዞ ልትኖር ትችላለች።

እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካዊው ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ የጊቤ ውሃ በሚወርድበት በኦሞ ወንዝ በጎማ ጀልባ ሲጓዙ ሳተላይት የሚያማክር አልነበረም። ያቋቋሙት ድርጅት ሶቤክ የተባለውም በጥንታዊ ግብፃውያን የአዞ አምላክ ስም ነው። ያኔ ወንዙ ነፃ ነበር። ዛሬ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ወደ 150 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሸለቆ ሐይቅ አድርጎታል። ከግድቡ በታች የወንዙን ከፍታ የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ተርባይኑም ጭምር ነው። ጎርፉ ሲሸሽ በዳርቻው ማሽላ ሲዘሩ የኖሩት የዳሰነችና የካራ ሕዝቦች ለውጡን ከማንም በላይ ያውቁታል። የጀልባ መሪው ካርታ ለሚያመልኩ ሰዎች የሚያቀርበው ትልቁ ክርክርም ይኸው ነው፤ ውሃው በሰው ትእዛዝ በሚወጣና በሚወርድበት ወንዝ ላይ ያረጀ ፎቶ ምን ይረባል?

የሰውየው ግትርነት ሥሩ ኮልፌ ነው። በልጅነቱ የሚያውቀው ወንዝ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚሸተው ትንሹ አቃቂ ነበር። ወንዝ ማለት የሚሸሹት ነገር እንጂ ነዋሪ ያለው አይመስለውም ነበር። ኦሞ ላይ ግን ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል አየ፤ ዓሣ አጥማጅ ንስር ሲጮህ ሰማ። ከዚያ ወዲህ አቃቂንም ባለቤት እንዳለው ወንዝ ማየት ጀመረ፤ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ስለ ኦሞ ሲያወራላቸውም ከጎናቸው ስለሚፈሰው ውሃ ሳያነሳ አያልፍም።