ከጌቱ በኋላ፦ የመዞኖት ሕግ የማን ኑሮ ሲለወጥ ያያል?

ስለ ፍቺ በአማርኛ ስንነጋገር «መዞኖት» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል አንዳንዴ «ቀለብ»፣ አንዳንዴ «ተቆራጭ» እያልን እናልፈዋለን። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ በሥሩ ያሉት መብቶች ሁለት ናቸው፤ የሚስት መዞኖትና የልጆች መዞኖት። ሁለቱን ማደባለቃችን የአነጋገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብዙ ሴቶች ከፍቺ በኋላ ምን እንደሚቀራቸው ሳያውቁ ይፈርማሉ። እዚህ የምተቸው ግን ሴቶቹን ሳይሆን ሕጉን ነው፤ በተለይ «ሺኑይ ኔሲቦት»፣ ማለትም የሁኔታዎች መለወጥ የሚባለውን መርህ።

በ1953 የወጣው ሕግ የአይሁዶችን ጋብቻና ፍቺ ለረቢዎች ፍርድ ቤት ሰጥቷል። የሚስት መዞኖት ጥያቄ በቤተሰብ ጉዳዮች ፍርድ ቤትም ሊታይ ይችላል፤ ሆኖም እዚያም የሚፈረደው በሃይማኖት ሕግ ነው። በሃላካ ባል ሚስቱን የመቀለብ ግዴታ ያለበት በትዳር ሳሉ ነው። ጌቱን ከተቀበለች በኋላ ግዴታው ያበቃል። የሚቀራት የክቱባ ጥያቄዋና የንብረት ድርሻዋ ነው። «ባሌ በየወሩ ይቆርጥልኛል» የምትል የተፈታች ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትናገረው ስለ ልጆቿ ገንዘብ ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? «ሺኑይ ኔሲቦት» የሚሠራው ባለና በሚቀጥል ግዴታ ላይ ነው። የልጆች መዞኖት የሚከፍል አባት ሥራ ቢያጣ ወይም ቢታመም፣ ለውጡ ከባድና ያልተጠበቀ መሆኑን አስረድቶ እንዲቀነስለት መጠየቅ ይችላል። ልጆቿን ስታሳድግ ኖራ በሃምሳ አምስት ዓመቷ የተፈታች እናትስ? ከሦስት ዓመት በኋላ የጽዳት ሥራው ወገቧን ቢሰብራት፣ የራሷን መተዳደሪያ በተመለከተ የምታስከፍተው ፋይል የለም። ምክንያቱም የሚሻሻል ግዴታ የለም። ሕጉ የሱ ደመወዝ ሲቀንስ የሚያይበት ዓይን አለው፤ የሷ ጉልበት ሲያልቅ የሚያይበት ግን የለውም።

ለሕጉ የሚሟገቱ ሰዎች መልስ አላቸው። «የንብረት ክፍፍል አለ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ነፃ ይውጡ» ይላሉ። በ1973 የወጣው የባልና ሚስት የገንዘብ ግንኙነት ሕግ በትዳር የተገኘውን፣ ጡረታውንም ጨምሮ፣ እኩል ያካፍላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክደውም። ግን አፓርታማው በባንክ ዕዳ የተያዘ፣ ጡረታውም ዘግይቶ የተጀመረ ከሆነ፣ የትንሽ ግማሽ ያው ትንሽ ነው። በዚያ ላይ በውጭ አገር በሲቪል ጋብቻ ለተጋቡ ጥንዶች ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በውልና በቅን ልቦና ላይ የቆመ የመቋቋሚያ ድጋፍን ሐሳብ ተቀብሏል። እንደ ሃይማኖቷ ወግ ያገባችው ሴት ከዚህ ያነሰ ይድረሳት ማለት ነው እንዴ?

በልጆች በኩል ሕጉ ተንቀሳቅሷል። በሐምሌ 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከስድስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን ወጪ ሁለቱም ወላጆች እንደ ገቢያቸውና ልጆቹ ከየትኛው ጋር እንደሚያድሩ ተመዝኖ እንዲሸከሙ ወስኗል። እኩልነቱን እደግፋለሁ። ሆኖም ሚዛኑ ዛሬ ያለውን ደመወዝ እንጂ ደመወዙ እንዴት እንደተፈጠረ አይጠይቅም፤ እሷ ቤት ስትጠብቅ ነው እሱ ሙያ የተማረው።

አባቶችም ይጎዳሉ። «ሥራ አጥቻለሁ፣ ያውቁታል» ብሎ ዝም የሚል አባት አለ። ሁኔታ ተለወጠ ማለት ዕዳው ቆመ ማለት አይደለም። ፍርድ ቤት ካልለወጠው በቀር ውዝፉ እየተከመረ ሆጻአ ለፖዓል ይደርሳል። በ1972 ሕግ መሠረት ቢቱዋህ ለኡሚ ለእናትየዋ ከከፈለም ገንዘቡን ከሱ ይጠይቃል። ስለዚህ ጥያቄውን በጊዜ ማቅረብ ነው።

በኢትዮጵያ ሳለን ሽማግሌዎች የፈረዱትን መልሰው ሊያዩት ይችሉ ነበር፤ ተበዳይ ስትመጣ እነዚያው ሰዎች በዚያው መንደር አሉ። ላሳምረው አልፈልግም፤ ሴቷን «ቻይው» እያሉ የመለሷት ጊዜም ብዙ ነው። ቢሆንም የተዋዋሉት ሁለቱም በሚሰሙት ቋንቋ ነበር።

ለዚህ ከወዲሁ መሣሪያ አለን። የ1973ቱ ሕግ አንቀጽ 8 ፍርድ ቤት የሁለቱን የወደፊት የመሥራት አቅም አይቶ ከግማሽ በግማሽ ውጭ እንዲያካፍል ይፈቅድለታል። ጠበቆቻችን ይህን ከመፈረም በፊት ሊጠይቁበት ይገባል፤ ከጌቱ በኋላ በሩ ይጠባል። ይኸው ሕግ የንብረት ስምምነት የሚጸድቀው ሁለቱም ትርጉሙንና ውጤቱን ተረድተው በፈቃዳቸው እንደተስማሙ ሲረጋገጥ ነው ይላል። «ኬን» ብላ ራሷን የነቀነቀች ሴት ተረድታለች ማለት አይደለም። ዳኛው በአማርኛ ወይም በትግርኛ አስተርጓሚ አንድ ጥያቄ ይጠይቃት፦ «ከዛሬ በኋላ ለራስሽ በየወሩ የሚከፈልሽ እንደሌለ ታውቂያለሽ?» መልሷ ዝምታ ከሆነ፣ ስምምነቱ ገና አልተፈረመም።